ልጅ ለአባቱ መምህር ቢሆን ሥርዐት ይፈርሳልን?

የማስተማር ሥርዐት ከጥንት ጀምሮ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነው። ምንጭ ከተራራ ወደ ሜዳ እንደሚፈስ ትምህርትም ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር፥ ከአባት ወደ ልጅ፥ ከሽማግሌ ወደ ጐልማሳ ሲወርድ ሲዋረድ ኖሮአል። በጉባኤ ቤት ያደገ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ሥርዐቱም የተሠራው ሽማግሌውን ለማክበር ብቻ አይደለም፤ ዕውቀትን ከብልሽት ለመጠበቅም ነው። ቃሉን ከማን እንደ ተቀበለ የማይናገር ሰው በሊቃውንት ፊት አይሰማም፤ «እኔ ከእገሌ ተማርሁ፥ እገሌም ከእገሌ ተቀበለ» እያለ የትምህርቱን ሐረግ ሊቈጥር ይገባዋል። ሐረጉ የተቈረጠ ትምህርት ምንም ቢያምር ተቀባይ የለውም።

በዘመናችን ግን ውሃው ከሜዳ ወደ ተራራ የሚወጣ መስሎ የሚታይበት ነገር ተነሥቶአል። ይኸውም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለውን አዲስ መሣሪያ፥ አሠራሩንና ጥቅሙን፥ ስሕተቱንና ማታለያውን ለወላጆቻቸው፥ ለጎረቤቶቻቸውና ለመምህሮቻቸው ሳይቀር የሚያስረዱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በየአገሩ መታየታቸው ነው። አንዳንዶቹ በትምህርት ቤታቸው፥ አንዳንዶቹም በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሰው እየሰበሰቡ በዕድሜ ብዙ እጥፍ የሚበልጧቸውን ያስተምራሉ።

ይህን ያየ አስተዋይ ሰው ሁለት ጥያቄ ያነሣል። ልጅ አባቱን ሲያስተምር የመከባበር ሥርዐት አይፈርስምን? ደግሞስ ልጅ የሚያስተምረው ነገር ለአባት የሚበቃ ነውን? ጥያቄዎቹ ቀላል አይደሉም። አባት ከልጁ መማርን ነውር አድርጎ ቢተው የሚጐዳው ራሱ ነው፤ ልጅም ዐዋቂ ነኝ ብሎ አባቱን ቢንቅ ከመሣሪያው ጋር ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ ነገሩን በየተራው እንመርምር።

የመሣሪያው ጠባይ

ስለ አንድ ነገር ከመፍረድ በፊት የነገሩን ጠባይ ማወቅ ይገባል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ማለት በኮምፒዩተር የሚሠራ፥ ከተሰበሰበ ብዙ ጽሑፍ፥ ሥዕልና ድምፅ አብነት እየወሰደ የሚጽፍ፥ የሚሥል፥ የሚናገርና የሚመዝን የስሌት ጥበብ ነው። ከዚሁ ወገን የሆነው ቻትጂፒቲ የተባለው በአውሮፓ አቈጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ2022 በኅዳር ወር ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ ነገሩ የሊቃውንት ምርምር መሆኑ ቀርቶ የየቤቱ ጉዳይ ሆኖአል።

እንዲህ ያለው መሣሪያ ንግግሩን የሚያዘጋጀው እጅግ ብዙ ጽሑፍ ከተሰጠው በኋላ ከአንዱ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል በስሌት እየገመተ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ቃሉን የሚመርጠው እውነት መሆኑን መርምሮ ሳይሆን ሊከተል የሚችል ሆኖ ስላገኘው ነው። የተማረበት ጽሑፍ ብዙና ደኅና በሆነበት ጉዳይ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ይሆናል፤ ሰውንም ይጠቅማል፤ ይህን መካድ አይገባም። ጽሑፉ ባነሰበት ጉዳይ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ማለትን ትቶ ባዶውን ቦታ በሚመስል ነገር ይሞላዋል። በድምፁም ሆነ በአነጋገሩ የሚያውቀውንና የማያውቀውን ሲናገር ብዙ ጊዜ ልዩነት አይታይበትም። ሰው ሲዋሽ ፊቱ ይለወጣል፥ ምላሱም ይተሳሰራል፤ መሣሪያው ግን የሚያፍርበት ፊት የለውም።

ይህም በተግባር ታይቶአል። እ.ኤ.አ. በ2023 በኒው ዮርክ ሁለት ጠበቆች በአንድ ክርክር ለፍርድ ቤት ያቀረቡት ጽሑፍ ሲመረመር፥ በአስረጅነት ከተጠቀሱት የቀድሞ ፍርዶች ውስጥ ስድስቱ በዓለም ላይ ፈጽሞ ያልተፈረዱ ሆነው ተገኙ፤ ቻትጂፒቲ ፈጥሮ ያቀረባቸው ነበሩ። የሚያስደንቀው ግን ከጠበቆቹ አንዱ ራሱን መሣሪያውን «ይህ የጠቀስኸው እውነተኛ ፍርድ ነውን?» ብሎ ጠይቆት መሣሪያው አዎን ብሎ የመለሰለት መሆኑ ነው። ዳኛውም 5,000 ዶላር መቀጫ ፈረደባቸው። መቀጫውን የከፈሉት ጠበቆቹ እንጂ መሣሪያው አለመሆኑን አንባቢ ያስተውል፤ ወደዚህ ነገር እንመለስበታለን።

የካሊፎርኒያዋ ተማሪና የዋስትናው ነገር

ልጆች በዚህ ነገር ሕዝብን ለማስተማር የተነሡበትን አንድ የታወቀ ምሳሌ እናንሣ። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት በወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው ፍርዱ እስኪታይ ድረስ ገንዘብ አስይዞ የሚለቀቅበት ሥርዐት አለ። ገንዘብ ያለው ከቤቱ ሆኖ ይከራከራል፤ የሌለው ግን ገና ሳይፈረድበት በእስር ይቀመጣል። ይህ ድኻን የሚበድል መሆኑን ብዙዎች ስላመኑበት እ.ኤ.አ. በ2018 የግዛቱ ምክር ቤት የገንዘብ ዋስትናን የሚያስቀር ሕግ አወጣ። ዐላማው መልካም ነበረ። በገንዘቡ ፈንታ የተተካው ግን የተያዘውን ሰው ያለፈ ታሪክና ኑሮ በስሌት መዝኖ «ይህ ሰው ቢለቀቅ ያሠጋል፥ ይህ አያሠጋም» የሚል የግምት ቍጥር ነበረ። ሕጉ በሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት እ.ኤ.አ. በ2020 ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ።

በዚያ ጊዜ ስኔሃ ሬቫኑር የምትባል የ15 ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በሳን ሆዜ ከተማ ትኖር ነበር። ይህች ልጅ ስለ እንዲህ ያለው የስሌት ሚዛን የወጣ አንድ ምርመራ አንብባ ነበር። ምርመራውን እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ፕሮፐብሊካ የተባለው የጋዜጠኞች ድርጅት ሲሆን፥ በፍሎሪዳ ግዛት በአንድ አውራጃ ፍርድ ቤት የሚሠራበትን የግምት መሣሪያ መርምሮ ነበር። ከዚያ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ ምንም ወንጀል ካልሠሩት ሰዎች መካከል መሣሪያው «ያሠጋሉ» ብሎ በሐሰት የፈረጃቸው ከነጮቹ ከመቶ 23 ያህሉን ሲሆን፥ ከጥቁሮቹ ግን ከመቶ 45 ያህሉን ነበረ። የመሣሪያው ባለቤት ስሌቱ እንዲህ አይነበብም ብሎ ተከራክሮአል፤ ሊቃውንቱም ስለ ፍትሕ መለኪያው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ለዚያች ተማሪ ግን አንድ ነገር በቂ ነበር፤ መሣሪያው ለሁሉ እኩል ይመዝናል ብሎ ሳይመረምሩ መቀበል እንደማይገባ ተረዳች።

ስለዚህ ኤንኮድ ጀስቲስ የተባለ የወጣቶች ማኅበር አቋቁማ ከእኩዮቿ ጋር ነገሩን ለሕዝብ ማስረዳት ጀመረች። እነርሱ ገና ድምፅ ለመስጠት ዕድሜአቸው ያልደረሰ ነበረ፤ ድምፅ ሊሰጡ የሚችሉትን ግን አስተማሩ። በድምፁም ቀን ከመቶ 56 ያህሉ መራጭ ሕጉን ስላልተቀበለው ሕጉ ወደቀ። ማኅበሩም ከዚያ በኋላ በልዩ ልዩ ግዛቶችና አገሮች የሚገኙ ተማሪዎችን እያሰባሰበ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጕባኤና ትምህርት ሲያዘጋጅ ቈይቶአል።

እዚህ ላይ እውነትን ሳያጋንኑ መናገር ያስፈልጋል። ሕጉ የወደቀው በልጆቹ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ በዋስትና ንግድ የሚኖሩ ሰዎች ጥቅማቸው እንዳይቀርባቸው ብዙ ገንዘብ አፍስሰው ሕጉን ተቃውመዋል። ደግሞም ሕጉ ሲወድቅ የገንዘቡ ዋስትና እንዳለ ስለ ቀረ ድኻው ከመከራው አልዳነም። ሐሰተኛውን ሚዛን መጣል እውነተኛውን ሚዛን ማግኘት አይደለም። ይሁን እንጂ ልጆቹ ለሕዝቡ አንድ መልካም ጥያቄ አስተምረዋል፤ የሰውን ነጻነት በሚወስን ቍጥር ፊት «ይህን ማን ተናገረ? ከምን ተነሥቶ ተናገረ?» ብሎ መጠየቅን።

ነገሩ የእኛንም ወገን የሚነካ መሆኑን ለማሳየት ሌላ አስረጅ እንጨምር። በአዲስ አበባ ተወልዳ በአሜሪካ የተማረችው ዶክተር ትምኒት ገብሩና ጆይ ቡኦላምዊኒ የተባለችው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፥ ፊትን አይተው ወንድ ወይም ሴት መሆኑን የሚለዩ፥ በገበያ ላይ የዋሉ መሣሪያዎችን መረመሩ። መልካቸው ነጣ ያለ ወንዶችን ሲያዩ የመሣሪያዎቹ ስሕተት ቢበዛ ከመቶ 0.8 ብቻ ሲሆን፥ መልካቸው ጠቈር ያሉ ሴቶችን ሲያዩ ግን እስከ ከመቶ 34.7 ይደርስ ነበር። ምክንያቱም መሣሪያ የሚያውቀው ያሳዩትን ነው፤ ካሳዩት ሥዕል አብዛኛው የአንድ ወገን ከሆነ ሌላውን ወገን አያውቀውም።

ዋስ የሌለው ቃል

አሁን ወደ ጉዳዩ ሥር እንግባ። በአገራችን የቀድሞ የፍርድ ሥርዐት ሰው በዳኛ ፊት ሲቆም አስቀድሞ የሚጠየቀው «ዋስ ጥራ» ተብሎ ነው። ዋስ ማለት ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ሰው ነው። «ይህ ሰው ቢጠፋ እኔ አለሁ፤ ያጠፋ እንደ ሆነ ከሀብቴ ይቈረጥ» ብሎ በስሙና በክብሩ የሚገባ ሰው ነው። ዋስ የሌለው ሰው የሚታመነው በምን እንደ ሆነ አይታወቅም ነበር።

ቃልም እንዲሁ ዋስ አለው። የቃል ዋሱ ተናጋሪው ነው። አበው «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚሉት የተነገረ ቃል ወደ ኋላ ስለማይመለስ፥ ተናጋሪውም በቃሉ ስለሚጠየቅ ነው። መምህር የተሳሳተ ትርጓሜ ቢያስተምር በጉባኤ ይጠየቃል፤ ሐኪም የተሳሳተ መድኀኒት ቢያዝ ይጠየቃል፤ ምስክር በሐሰት ቢመሰክር በሰውም በእግዚአብሔርም ፊት ይጠየቃል። የመሣሪያው ቃል ግን ተናጋሪ የሌለው ቃል ነው። ቢሳሳት አያፍርም፥ ቢከሰስ አይቀርብም፥ ቢቀጣ አያመውም። ባለቤቶቹም ራሳቸው መልሱ ሊሳሳት ስለሚችል መርምሩት ብለው ያስጠነቅቃሉ። የኒው ዮርኮቹ ጠበቆች መቀጫውን የከፈሉት ስለዚህ ነው፤ ዋስ የሌለውን ቃል ወስደው በራሳቸው ስም ለፍርድ ቤት ባቀረቡት ጊዜ ሳያውቁት ዋሱ እነርሱ ሆኑ። ከመሣሪያ ቃል ተቀብሎ ለሌላው የሚያስተላልፍ ሁሉ ለዚያ ቃል ዋስ መግባቱን ይወቅ።

እንግዲህ ተማሪዎቹ ለማኅበረ ሰባቸው ሲያስተምሩ ከሚያስጨብጡት ሁሉ የሚበልጠው መሣሪያውን እንዴት እንደሚከፍቱት ማሳየቱ አይደለም። ያንን የስልክ ሻጭም ያሳያል። የሚበልጠው «ይህን ቃል ማን ተናገረው? ከየት ተቀበለው? ሐሰት ቢሆን ማን ይጠየቅበታል?» ብሎ መጠየቅን ማስለመዱ ነው። አስተውሉ፤ እነዚህ ጥያቄዎች ለእኛ አዲስ አይደሉም። ጽሑፋችንን ስንጀምር ያነሣናቸው የጉባኤ ቤት ጥያቄዎች ናቸው፤ የትምህርት ሐረግ መቍጠር ማለት ለቃል ዋስ መጥራት ነውና። ልጁ አዲሱን መሣሪያ ያውቃል፤ ሽማግሌው አሮጌውን ጥያቄ ያውቃል። መሣሪያው ያለ ጥያቄው ወጥመድ ነው፤ ጥያቄውም መሣሪያውን ካላወቁ በየት በኩል እንደሚጠየቅ አይታወቅም።

የሳሙኤልና የዔሊ አብነት

ይህን የሚያስረዳ ከብሉይ ኪዳን አንድ አብነት አለን። ብላቴናው ሳሙኤል በሌሊት በስሙ ሲጠራ ድምፁን ሰማ፤ የማን ድምፅ መሆኑን ግን ስላላወቀ የጠራው ሽማግሌው ዔሊ መስሎት ወደ እርሱ ሮጠ። ይህም ሦስት ጊዜ ሆነ። የዔሊ ዐይኖች ከእርጅና የተነሣ ፈዝዘው ነበር፤ ድምፁንም እርሱ አልሰማም። ይሁን እንጂ የጠራው ማን እንደ ሆነ ያስተዋለው እርሱ ነው፤ ልጁም እንዴት መመለስ እንዳለበት ያስተማረው እርሱ ነው። በማግሥቱ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ ሳሙኤል ለመምህሩ ከባድ ቃል ሊነግረው ፈራ፥ ዔሊ ግን እንዳይሰውርበት አጥብቆ ጠየቀው፤ ቃሉም በራሱ ቤት ላይ የመጣ ፍርድ ሆኖ ሳለ ተቀበለው።

ከዚህ የምንማረው ምንድር ነው? ልጅ መስማትን፥ ሽማግሌ መለየትን ተሰጥተዋል፤ የሰማው ያለ ለየው፥ የለየውም ያለ ሰማው አልበቃም። አንድም፥ ሳሙኤል ድምፁን በሰማ ጊዜ ብቻውን አልተከተለውም፤ ወደ ሽማግሌው ሮጠ፤ የዘመናችን ልጅም በስሙ የሚጠራውን፥ እንደ ወዳጅ የሚያነጋግረውን መሣሪያ ሲሰማ ወደ ታላላቆቹ መሮጥን ይልመድ። አንድም፥ ዔሊ «ከልጅ አፍ አልሰማም» አላለም፤ ልጅ የሚያመጣው ቃል እውነት ከሆነ መራራም ቢሆን ይሰማል። ዔሊ ከልጁ በመስማቱ መምህርነቱ አልቀረም፤ ሳሙኤልም ለመምህሩ በመናገሩ ደቀ መዝሙርነቱ አልፈረሰም።

ሦስት መቃወሚያዎችና መልሳቸው

አንደኛው መቃወሚያ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ነው። ምሳሌው በቦታው እውነት ነው፤ ልጅ ያልተፈተነ ነውና ትልቅ ነገር ለብቻው አይጣልበትም። ነገር ግን በእኛው በአብነት ትምህርት ቤት መምህሩ ሁሉን ለብቻቸው አያስተምሩም፤ ቀደም ብሎ የገባው ተማሪ ኋላ የመጣውን ያስቀጽለዋል። ብዙ ጊዜም ኋላ የመጣው በዕድሜ ታላቅ ሆኖ ይገኛል። ጢም ያለው ሰው ጢም ከሌለው ልጅ እግር ሥር ተቀምጦ ቃሉን ሲቀበል ማንም ነውር ነው ብሎ አያውቅም፤ በዚያች ሰዓት የሚከበረው ዕድሜ ሳይሆን ቃሉ ነውና። ሰዓቱ ሲያልፍ ልጁ ለታላቁ ይነሣለታል፥ እጁንም ያስታጥበዋል። ስለዚህ ሥርዐቱ አልፈረሰም፤ እያንዳንዱ በየቦታው ቆሞ ይገኛል።

ሁለተኛው መቃወሚያ «ልጅ ዐወቅሁ ሲል ይታበያል፤ አባቱንም ይንቃል» የሚለው ነው። ይህ እውነተኛ ሥጋት ነው። የራሳችን ታሪክም ይመሰክራል። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲጀመር ወደ 60,000 የሚደርሱ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር ወደ ገጠር ወጥተው ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም እያደር በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ተካሂዶአል። ብዙ ሽማግሌና ባልቴት ከልጅ እጅ ፊደል ቈጥሮአል፤ ስሙን መጻፍ ያልቻለው ፊርማውን አኑሮአል። ይህ የማይካድ በጎ ሥራ ነው። ነገር ግን ከዘማቾቹ አንዳንዶቹ የባላገሩን ልማድና እምነት እንደ ድንቍርና ቈጥረው ስለ ናቁ በአንዳንድ ስፍራ ጠብ ተነሣ፤ ፊደሉን ሊቀበል የመጣው ሰው ንቀቱን አይቶ ተመለሰ። ይህ የሚያስተምረን የልጅ ማስተማር ክፉ መሆኑን አይደለም፤ የሚያስተምር ሁሉ የሚያስተምረውን ሰው ሳያከብር ትምህርቱ የማይገባ መሆኑን ነው። ፊደል ያልቈጠረው ባላገር ዝናቡን፥ አፈሩን፥ የሰውን ጠባይ ያውቅ ነበር፤ ልጁ ግን ይህን አላወቀለትም።

ሦስተኛው መቃወሚያ «ይህ የዓለም ነገር ነው፤ ለካህናትና ለምእመናን ምን ይረባል?» የሚለው ነው። ለዚህ ሦስት መልስ አለን። የመጀመሪያው፥ በአማርኛና በግዕዝ ተጽፎ መሣሪያው ያገኘው ነገር ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት፥ ስለ ገድላትና ስለ ሊቃውንት ቃል ሲጠየቅ የሌለ ምዕራፍ ሊጠቅስ፥ ያልተነገረ ቃል በአባቶች ስም ሊናገር ይችላል። ሰባኪው መጽሐፉን ሳይገልጥ ይህን ይዞ በዐውደ ምሕረት ቢቆም ለሐሰት ዋስ ገባ ማለት ነው።

ሁለተኛው፥ በመሣሪያው ላይ የሚጻፍ ነገር በጸሓፊው ዘንድ ብቻ አይቀርም፤ ወደ ድርጅቱ ኮምፒዩተር ይሄዳል፥ ሊቀመጥም ይችላል። ስለዚህ የንስሓ ልጅ የገለጠውን ምሥጢር፥ የባልና የሚስትን ጠብ፥ የታመመ ሰውን ነገር ምክር እጠይቃለሁ ብሎ በዚያ ላይ የሚጽፍ ካህን ምሥጢር ማውጣቱን ይወቅ። ስም ባይጽፍ እንኳ ከዝርዝሩ ባለቤቱ ሊታወቅ ይችላል።

ሦስተኛው፥ ክፉ ሰዎች በዚህ መሣሪያ የዘመድን ድምፅ አስመስለው ስልክ እየደወሉ ገንዘብ ይወስዳሉ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2023 በመጋቢት ወር ይህን ለሕዝብ አስጠንቅቆአል። በውጭ አገር የሚኖሩ አባቶቻችንና እናቶቻችን የመንግሥትን ደብዳቤ የሚያነቡላቸው፥ ቅጽ የሚሞሉላቸው፥ በሐኪም ፊት የሚያስተረጕሙላቸው ብዙ ጊዜ ልጆቻቸው ናቸው። አንዲት አያት የልጅ ልጇ ድምፅ «ታስሬአለሁ፥ ገንዘብ ላኪልኝ፥ ለማንም አትንገሪ» ሲላት አንጀቷ አይችልም። ወደ ራሱ ስልክ መልሳ እንድትደውል አስቀድሞ ማን ያስተምራታል? ያው ልጁ ራሱ ነው። እርሷ ከእርሱ ለመማር ብታፍር፥ እርሱም ለማስተማር ቢሰለች፥ በመካከላቸው ሌባው ይገባል።

ከሁለቱም ወገን የሚፈለገው

ወጣቶች ሆይ፥ የምታውቁትን ሳትሰስቱ አስተምሩ፤ ስታስተምሩ ግን ተቀምጣችሁ፥ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ፥ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ቢጠይቋችሁ ሳትሰለቹ ይሁን። እናንተ አፍ ስትፈቱ አንዲቱን ቃል መቶ ጊዜ የደገሙላችሁ እነርሱ ናቸው። ስልኩን ከእጃቸው ነጥቃችሁ ራሳችሁ ሠርታችሁ አትመልሱላቸው፤ ይህ መርዳት ይመስላል እንጂ ጥገኛ ማድረግ ነው። በየቤታችሁም ከወላጆቻችሁ ጋር ሌላ የማያውቀው የመለያ ቃል ተስማሙ፤ የድንጋጤ ስልክ ሲመጣ ያ ቃል ይጠየቅ። የማታውቁትንም አናውቅም በሉ፤ መሣሪያው ብዙ ጊዜ የሚያቅተው ሥራ ይህ ነውና በዚህ ከእርሱ ትበልጣላችሁ።

አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ጠይቁ። የማያውቁትን መጠየቅ ክብርን አይቀንስም፤ የሚቀንሰው ሳያውቁ ዐወቅሁ ማለት ነው። ልጆቻችሁም ሲያስተምሯችሁ በተራችሁ ጠይቋቸው፤ «ይህን ማን አለህ? መጽሐፉን አይተኸዋልን? ሐሰት ቢሆን ማን ይጐዳበታል?» በሏቸው። ልጁ መሣሪያውን ስለ ፈጣንነቱ ይወደዋል፤ የናንተ ዝግታ ለእርሱ ልጓም ነው። ብዙ ልጆች ዛሬ ኀዘናቸውንና ፍርሀታቸውን ለመሣሪያው ሲነግሩ የሚያድሩት ሰው ስለ ጠፋ አይደለም፤ የሚሰማቸው ሰው ስለ ጠፋ ነው። ከልጁ ለመማር አንድ ሰዓት የሰጠ አባት በዚያች ሰዓት የልጁን ልብ ያገኛል፤ ይህም ከመሣሪያው ዕውቀት ይበልጣል።

ካህናትና የሰንበት ትምህርት ቤት ኀላፊዎችም በየአጥቢያቸው ያሉትን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጠርተው ከጉባኤ በኋላ ለሽማግሌዎች አንዳንድ ሰዓት እንዲያስተምሩ ቢያደርጉ መልካም ነው። ከተማሪው አጠገብ አንድ አዋቂ መምህር ይቀመጥ፤ ልጁ አሠራሩን ያሳይ፥ መምህሩ ሚዛኑን ይያዝ። ሳሙኤል ያለ ዔሊ፥ ዔሊም ያለ ሳሙኤል አይሁን።

እንግዲህ በመጀመሪያ ለተነሡት ጥያቄዎች መልሳችን ይህ ነው። ልጅ አባቱን ቢያስተምር ሥርዐት አይፈርስም፤ ሥርዐት የሚፈርሰው ልጅ በንቀት ሲያስተምር፥ አባትም በትዕቢት አልማርም ሲል፥ ከሁሉም ይልቅ ሁለቱ እርስ በርሳቸው መጠያየቅን ትተው ለቃሉ ዋስ የማይሆነውን መሣሪያ ብቻ ሲጠይቁ ነው። ልጅ የሚያስተምረውም ለአባት ይበቃል ወይ ለተባለው፥ ብቻውን አይበቃም፤ የአባት ሚዛን ሲጨመርበት ግን ለሁለቱም ይተርፋል።

የአባቶችን ልብ ወደ ልጆች፥ የልጆችንም ልብ ወደ አባቶች የሚመልስ እግዚአብሔር በትሕትና የምንማርበትን፥ በፍቅር የምናስተምርበትን ልቡና ለሁላችን ያድለን።